ለሕዝብ ጤና የተጻፈ ኮድ የሕዝብ ንብረት ሊሆን ይገባዋል

አንድ መሣሪያ ማንን ያገለግላል የሚለው ጥያቄ፣ መሣሪያው በማን እጅ ነው ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ይህ እውነት ለሞፈርና ለቀንበር፣ ለሸማኔ ዕቃና ለፋብሪካ ሞተር ሲሠራ የኖረ ነው። ዛሬ ደግሞ በጤና ጣቢያዎቻችንና በሆስፒታሎቻችን የሕሙማንን መዝገብ ለሚይዘው፣ የክትባትን ቀጠሮ ለሚያስታውሰውና የመድኃኒትን ክምችት ለሚቆጥረው ሶፍትዌር ያለአንዳች ልዩነት ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነውም ይህንኑ ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ጤና ተብሎ በመንግሥት በጀት ወይም በእርዳታ ገንዘብ የሚጻፈው ኮድ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ማንስ ያርመዋል?

ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐ ቤቴ ደጋዎች አብሮን ይውጣ። ከመሐል ሜዳ እስከ ራቤል፣ ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ በተዘረጋው አገር ገደልና ሸለቆ መንደርን ከመንደር ይለያል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ወደ 40,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ በመላው አገሪቱ ቀበሌዎች ያሰማራው እንዲህ ያለውን ርቀት ለማጥበብ ነው። እነዚህ ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ያገኙትን በቤተሰብ ማኅደር ይመዘግባሉ። ነፍሰ ጡሯ እናት፣ ክትባቱን ያላገባደደው ሕፃን፣ ሳል የበረታባቸው አዛውንት ሁሉ በዚያ ማኅደር ውስጥ ይገኛሉ።

እንደሚታወቀው ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተዘረጋው የጤና ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ የመረጃ አብዮትን ከአራቱ ዐበይት አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። ይህንኑ ተከትሎ የቤተሰብ ማኅደር ከወረቀት ወደ እጅ ኮምፒዩተር መሸጋገር ጀመረ፤ የወረዳና የክልል ሪፖርትም በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 በተባለው ሥርዓት መጓዝ ያዘ። ስለሆነም በመንዝ ደጋ ያለች እናት ሕይወት ዛሬ በከፊል በአንድ የሶፍትዌር መሥመር ትክክለኛነት ላይ ተንጠልጥላለች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሶፍትዌር ምንድን ነው? በሰው እጅ በፊደልና በቁጥር የተጻፈ፣ ኮምፒዩተሩ ተራ በተራ የሚፈጽመው መመሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ ኮድ ይባላል። ኮዱን የያዘ ሰው ሥራውን ያነብባል፣ ስሕተቱን ያርማል፣ ለአገሩ ያስማማዋል። የተጠናቀቀውን ሶፍትዌር ብቻ ተቀብሎ ኮዱን ያላገኘ ተቋም ግን ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ባለ ቤት ውስጥ እንደሚኖር ተከራይ ነው። ጣሪያው ቢያፈስስ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ቢጠፋ ዝናቡን ይቀበላል። ባለሙያዎቹ ሪፖዚተሪ የሚሉት የጋራ የኮድ ማከማቻ ይህን ችግር ለመፍታት የተዘጋጀ ነው። በዚያ የተቀመጠ ኮድ ለሁሉም ይታያል፤ እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼና ለምን እንዳደረገው ተመዝግቦ ይኖራል፤ የተበላሸ ለውጥ ቢገባም ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል።

የጋራ ንብረት እንዴት ይያዛል ለሚለው ጥያቄ የመንዝ ሕዝብ መልስ ካበጀ ዘመናት አልፈዋል። የጓሳ ደጋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የሣር ምድር ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት፣ አስቦና ጌራ የተባሉት የአቅኚ አባቶች ዘሮች ይህን ምድር በጋራ የሚጠቀሙበትን ደንብ አቆመ። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ውሳኔ ጓሳው በተከታታይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነበር፤ በተዘጋ ጊዜ ሲያጭድ የተገኘም፣ የጥበቃ ተራውን ያጓደለም ይቀጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞው የርስት ሥርዓት ሲፈርስ በርስት ላይ ቆሞ የነበረው የቄሮ ደንብም አብሮ ቀረ። አዋጁ መሬትን ለአራሹ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የጓሳን ጥበቃ የሚተካ ደንብ በቦታው ባለመቆሙ ደጋው ጠባቂ እንደሌለው ንብረት ተቆጥሮ ክፉኛ ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ገበሬዎች በየቀበሌያቸው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን ባይመልሱት ኖሮ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ባላየነው ነበር። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋራ ንብረት ጸንቶ የሚቆየው የታወቀ ደንብ፣ የታወቀ ጠባቂና የታወቀ ተራ ሲኖረው ነው።

ኮድና ሣር በአንድ ነገር ይለያያሉ። ሣር ሲታጨድ ያንሳል፤ ኮድ ሲቀዳ አያንስም። የመርሐ ቤቴ ጤና ጣቢያ የተጠቀመበትን ኮድ የጎንደርም የጅማም ጤና ጣቢያ ቢወስደው ከባለቤቱ የሚጎድል ነገር የለም። ታዲያ ጠባቂ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በኮድ ዘንድ የሚያልቀው የሚያስተካክለው ሰው ጊዜና ትኩረት በመሆኑ ነው። ይህን ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ዓለም እ.ኤ.አ. በ2014 አይቷል። የኢንተርኔትን ምስጢራዊ ግንኙነት የሚጠብቀው ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. የተባለው ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ፣ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ ወድቆ ስለነበር፣ ሃርትብሊድ የተባለው አደገኛ ስሕተት ሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ በውስጡ ኖሮ ተገኘ። በሩ የተከፈተ፣ ጠባቂው ግን ያልተመደበ ጎተራ መጨረሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተጨባጩ የአገራችን ሁኔታ እንመለስ። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ 12ቱ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን ሲኖራቸው፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሕፃን አለ እንበል። ይህችን ስድስተኛ ቀን የማያውቅ ሶፍትዌር የልደቱን ቀን ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይ ወደ ሌላ ቀን ይገፋዋል። ከዚያም የ6፣ የ10ና የ14 ሳምንት ክትባቶች ቀጠሮ በሙሉ ይዛባል። ይህን የዘመን ስሌት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ጽፎ፣ ፈትሾ፣ በጋራ ማከማቻ ማኖር ይቻላል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት በየበኩሉ፣ በተዘጋ ክፍል፣ በየጊዜው እንደገና የሚጽፈው ከሆነ ግን አንዱ ያረመውን ስሕተት ሌላው አዲስ አድርጎ ይወልደዋል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ኃይሉ የሚለው ስም በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በኃ ሲጻፍ እናያለን፤ ፀሐይም በጸና በፀ፣ ዓለምም በአና በዐ ይጻፋል። መዝጋቢዋ ዛሬ በአንዱ፣ የነገው ተረኛ በሌላው ፊደል ቢጽፍ፣ እነዚህን ፊደሎች አንድ አድርጎ የማይፈልግ ሶፍትዌር አንዱን ሕመምተኛ ሁለት ሰው ያደርገዋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው መዝገቡ ሳይገኝ ቀርቶ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። ስማችንም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ በባዕድ አገር ልማድ የቤተሰብ ስም ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ልጅን ከእናቱ ማገናኘት ይቸግረዋል። እነዚህን ጉዳዮች ከእኛ በቀር ማንም አይፈታልንም። እኛም ብንሆን አንድ ጊዜ በደንብ ፈትተን ለሁሉም ብናካፍል ይበቃናል።

ይህ ምኞት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ዙሪያውን ይመልከት። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ራሱ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። መሠረቱ የተጣለው አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት አድጎ ዛሬ ከ80 በሚበልጡ አገሮች ይሠራል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ከሥራው ጋር ከተዋወቁ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በጎረቤታችን በኬንያ በኤልዶሬት ቀድሞ ሥራ ላይ የዋለው ኦፕን ኤም.አር.ኤስ. የተባለው የሕክምና መዝገብ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ከጤናው ዘርፍ ውጭም ቢሆን፣ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያችን የቆመው በሕንድ በባንጋሎር በተጀመረውና ኮዱ ለሁሉም በተከፈተው ሞሲፕ ላይ ነው። እንግዲህ ከጋራ ማከማቻ መውሰድን አውቀንበታል። የቀረን፣ በአገራችን የጨመርነውንና ያስተካከልነውን ኮድ መልሰን ማስገባትን ቋሚ የሥራ ደንብ ማድረግ ነው።

በዚህ ረገድ ግለ ሂስ ማድረግ ያስፈልገናል። በእርዳታ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮጀክት ዘመን አለው። ባለሙያ ይቀጠራል፣ ሶፍትዌር ይጻፋል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ የምረቃ ሪባን ይቆረጣል፤ ዘመኑ ሲያበቃ ግን የኮዱ መጨረሻ የት እንደሆነ የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ መወሰኑ በዜና ተሰምቷል። ዩ.ኤስ.ኤድ የተባለውም ድርጅት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ሥራውን አበቃ። ሰጪ ሲሄድ ደመወዝ ይዞ ይሄዳል፤ ይህን ማስቀረት ሁልጊዜ በእጃችን ላይሆን ይችላል። ኮዱ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በጋራ ማከማቻ ውስጥ ቢኖር አብሮ ሊሄድ አይችልም።

እንዲህ ያለው ድንገተኛ መቋረጥ በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓት የሚጽፉ የዓለም ባለሙያዎች ቢትኪፐር በተባለ የአንድ ኩባንያ መሣሪያ ኮዳቸውን በነፃ ያስተዳድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኩባንያው ነፃ ፈቃዱን አነሣ። በዚህ ጊዜ ሊነስ ቶርቫልድስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊት የተባለውን መሣሪያ አስጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚጻፈው ኮድ አብዛኛው የሚያዘው በዚሁ ነው። የጊት ዋና ጠባይ እያንዳንዱ ቅጂ የሥራውን ሙሉ ታሪክ የሚይዝ መሆኑ ነው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ሙሉ ነው፤ ባለሙያውም ግንኙነት ሳይኖር ሠርቶ መሥመር ሲገኝ ከሌሎች ጋር ያዋሕደዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጠባይ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁንና ማከማቻው ራሱ በማን ምድር ላይ እንደቆመ መርሳት የለብንም። ጊትሃብ የተባለው ትልቁ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። በ2019 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ይኖሩ የነበሩ ተጠቃሚዎቹ አገልግሎቱ ተገድቦባቸው ነበር። ስለዚህ ከዓለም ጋር በዚያ እየሠራን፣ ሙሉ ቅጂውን በአገር ውስጥ ሰርቨር ማኖር ይጠበቅብናል። ይህን ለማድረግ የሚያስችሉ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የሚጠይቀውም ወጪ ለአንድ ተዘግቶ ለሚቀር ፕሮጀክት ከሚፈስሰው ገንዘብ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የጋራ ማከማቻ ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነብበው ወደ ዋናው ሥራ አይገባም። አንባቢው ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ያስረዳል፤ ስሕተት ቢገኝ በሁሉም ፊት ይታረማል። ይህ በስብሰባ አዳራሽ ስንለው የኖርነው ሂስና ግለ ሂስ በሥራ ላይ የዋለበት መልኩ ነው። በደብረ ብርሃን ያለ ተማሪ ወይም በባዕድ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በማታ ሰዓቱ አንዲት መሥመር ቢያርም፣ እርማቱ በግሼ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እጅ ይደርሳል። ወጣቱም ሙያውን የሚማረው ሥራው ሲታይ ነው፤ በተዘጋ ኮድ የተማረ አገር የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ሳንመረምር አናልፍም። አንደኛው፣ ኮድ ከተከፈተ የሕሙማን ምስጢር ይወጣል የሚለው ነው። ይህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማምታታት ነው። ኮድ መዝገቡ የሚሠራበት ደንብ እንጂ በመዝገቡ የሰፈረው ስምና ሕመም አይደለም። የሕመምተኛ መረጃ፣ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ በጋራ ማከማቻ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው። የጓሳ ሣር የጋራ ነው ማለት የየሰዉ ጓዳ የጋራ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ኮዱን ከሰጠን በምን እንኖራለን የሚለው የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ሥጋት ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም አንልም፤ የባለሙያ ድካም ተገቢ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። ዋጋው ግን ለመጻፍ፣ ለመትከል፣ ለማሠልጠንና ለመጠገን የሚከፈል ይሁን እንጂ፣ ሕዝብ አንድ ጊዜ የከፈለበትን ኮድ ደብቆ በየወረዳው እንደገና ለመሸጥ የሚከፈል አይሁን። ሦስተኛው፣ ጠባቂ የሚሆን ሰው የለንም የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን እያስመረቁ ባሉበት ጊዜ የጎደለን ሰውን በስም መድቦ፣ ደመወዝ ቆርጦና ኃላፊነት ሰጥቶ ማሠራት ነው።

በመሆኑም ሊፈጸሙ የሚገባቸው ተግባሮች የተወሳሰቡ አይደሉም። አንደኛ፣ በመንግሥት በጀትም ሆነ በእርዳታ የሚሠራ ማንኛውም የጤና ሶፍትዌር ውል፣ ኮዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጋራ ማከማቻ እንዲቀመጥ በግልጽ ይደንግግ፤ በመጨረሻ ይሰጣል የተባለ ኮድ ብዙ ጊዜ ሳይሰጥ ይቀራልና። ሁለተኛ፣ ማን እንዲጠቀምበት፣ እንዲያርመውና እንዲያሠራጨው እንደተፈቀደ በፈቃድ ሰነድ ይጻፍ፤ ፈቃድ ያልተጻፈለት ኮድ ቢታይም የማይነካ ነውና። ሦስተኛ፣ አጠቃቀሙ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ይብራራ። አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ በስም የታወቀ፣ ደመወዝ የተቆረጠለት ጠባቂ ይመደብ። አምስተኛ፣ ሙሉ ቅጂው በአገር ውስጥ ይኑር።

የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ ሆነው ሊቀሩ አይገባም። በጤና ጣቢያ የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰቡ ተወካይ ወንበር አለው። አዲስ ሶፍትዌር መጣ ሲባል ያ ተወካይ ተነሥቶ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ኮዱ የት ነው? የሠራው ድርጅት ነገ ቢሄድ ማን ያርመዋል? የእኛ የሕመም ምስጢርስ በማን እጅ ነው? እነዚህን ለመጠየቅ ኮድ መጻፍ ማወቅ አያስፈልግም። የጓሳ አባቶችም የሣርን ሥር ያጠኑ የዕፀዋት ሊቃውንት አልነበሩም፤ ነገር ግን ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚያጭድ ጠይቀው፣ ወስነውና በተራ ጠብቀው ደጋቸውን ለልጅ ልጅ አስተላልፈዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገደሉን ወጥታ፣ ሸለቆውን ወርዳ፣ በብርድ የደረቁ ጣቶቿን አሙቃ የአንዲትን እናት ስም ስትጽፍ የራሷን ድርሻ ፈጽማለች። ያ ስም በማይጠፋበት፣ ቀጠሮው በማይዛባበትና ስሕተቱ በሚታረምበት ሥርዓት ውስጥ እንዲያርፍ ማድረግ ደግሞ የእኛ የሁላችንም ድርሻ ነው። ለሕዝብ ጤና የተጻፈው ኮድ በሕዝብ ጎተራ ይግባ፤ ጎተራውም በደንብና በተራ ይጠበቅ!